ወገብ ብቻ

ሱቁ ጠባብ ነው። ሁለት የስፌት ማሽን፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ መስታወትና ሰው የሚለካበት መጋረጃ ይዟል። ባል ይቆርጣል፣ ሚስት ትሰፋለች። ወንድ ደንበኛን የሚለካው እሱ ነው፤ ሴትን የምትለካው እሷ። ይህን ሕግ ያወጣችው ሚስትየዋ ናት፤ ቀናተኛ መሆኗንም ደብቃ አታውቅም።

ባልየውን ሰፈሩ «እጀ ሜትር» ይለዋል። ደንበኛውን አቅፎ ሰላም ብሎ ሲለቀው የደረቱን ልክ አውቆ ጨርሷል። በሜትር የሚደግመው ለወጉ ያህል ነው።

ዘጠኝ ዓመት ልጅ ፈልገዋል። እንቁላልሽ በየወሩ አይወጣም ከተባለች ወዲህ ሚስትየዋ ቀን መቁጠር ትታለች። ሁለት ጊዜ ግን ደስታው ደጃቸው ድረስ መጥቶ ተመልሷል። በሁለተኛው ጊዜ ባልየው ገና በስድስተኛው ሳምንት ነጭ ፍላኔላ ቆርጦ አውራ ጣት የምታክል እጅጌ ያላቸው ሸሚዞች ሰፍቶ ነበር። ፍላኔላው በኋላ የመስታወት መወልወያ ሆነ። ያን ዕለት አስማለችው።

«ከእንግዲህ እኔ ራሴ ሳላውቀው አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» አለችው።

ማለ። እሱ ደግሞ ከማለ ማለ ነው።

አሁን የቀረው ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው። አንደኛው፣ እንቁላሉን በመርፌ አነቃቅቶ የባልን ዘር በቀጭን ቱቦ ማስገባት፤ ቀለል ይላል፣ ግን ሦስት አራቴ ሊደገም ይችላል። ሁለተኛው፣ ከማህፀን ውጭ አዳቅሎ መመለስ፤ ይከብዳል፣ ተስፋው ግን ይሻላል። ሐኪሟ ያወፈራትን የእንቁላል ክኒን አስቁማ፣ ሰውነትሽ ይረፍና መክራችሁ ኑ ብላ ከሰደደቻቸው አምስት ወር ሊሆን ነው።

ሚስትየዋ ከባዱን መርጣ ጨርሳለች። እግሩን የሚጎትተው እሱ ነው። ትንሽ እንጠብቅ እያለ ቀጠሮውን አንዴ አሻገረ፤ ደግሞ አሻገረ። ያ ዓመቱን ሙሉ ከሷ ቀድሞ የክሊኒኩ በር ላይ ይቆም የነበረ ሰው።

«ምን እስኪመጣ ነው የምንጠብቀው?» ስትለው መቀሱን ያነሳና የማይቆረጠውን ጨርቅ ያያል።

በዚህ ላይ ፍቅር አበዛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ሲዘጉ ከኋላዋ መጥቶ ወገቧን እቅፍ ያደርጋል። ዘጠኝ ዓመት ትዝ ያላለው ማቀፍ! በደል ያለበት ወንድ እንደዚህ እንደሚሆን ካነበበቻቸው መጻሕፍት ሁሉ ታውቃለች።

ከዚያ ፋርማሲው መጣ። ሁለት በር አልፎ ያለ ፋርማሲ ነው፤ ፋርማሲስቷ ጥርሰ ፍንጭት፣ ነጭ ካፖርቷ ሁልጊዜ ሰፊ። ባልየው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሲያወራ አይታዋለች፤ ስትገባ ወሬው ተቋረጠ። ቫይታሚን ይዞላት ተመለሰ። ድካምሽን ያነሳልሻል፣ በየጠዋቱ አንድ አንድ ዋጪ፣ አላት። አንድ ብልቃጥ ቫይታሚን ለመግዛት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል እንዴ?

ቅናቱ ሆዷ ገባ። ቁርስ አስጠላት። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ላይ ታንቀላፋለች፤ ሌሊት ስታሰላስል የምታድር ሰው መተኛቷ የት ይቀራል።

ሰኞ ጠዋት ባልየው ክርና ቁልፍ ሊገዛ ወጣ። ቀጠሮው በማግስቱ ነው። የአንድ ደንበኛ ልክ ልታይ ብላ የሱን ደብተር ገለጠች። እሱ ሰው በስም አይጽፍም፤ «ሾፌሩ»፣ «ወፍራሙ መምህር»፣ «የጋራዡ ሰውዬ» ይላል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ቅጽል እንኳ የለም። ወገብ፣ ይላል። ከሥሩ ዘጠኝ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ቁጥር። በሰባ አራት ይጀምራል። ሰባ አራት ተኩል። ሰባ አምስት። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ከትናንት በስቲያ ሰማንያ አንድ።

ዳሌ የለ፣ ርዝመት የለ። በወገብ ብቻ የሚሰፋ ልብስ የለም። በየሳምንቱ የሚሰፋ ወገብ ደግሞ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ያንን ለማወቅ ልብስ ሰፊ መሆን አያሻም።

ለካስ! ልጁ በሌላ በኩል እየመጣለት፣ በመርፌና በቱቦ ምን አደከመው።

ወጥታ ፋርማሲስቷን ጠራቻት። ይህ ካፖርትሽ ከረጢት መስሏል፣ ነይ ላጥብብልሽ፣ አለቻት። ልጅቷ ደስ ብሏት መጣች። መጋረጃው ተዘጋ። ሚስትየዋ ሜትሩን አዙራ ሳበች።

«ኧረ እትዬ፣ ሊያንቁኝ ነው እንዴ?»

«ሰው በወገቡ አይታነቅም።»

ልጅቷ ሳቀች። ቫይታሚኑ ተስማማዎት ወይ አለቻት፤ ባልዎ የአወሳሰዱን ወረቀት ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ሚስትየዋ ሜትሩን እያየች ነበር። ስድሳ ስምንት።

ልጅቷ ስትወጣ ቅናቷ ይበርዳል ብላ ነበር። ባሰበት። ፋርማሲስቷ ካልሆነች ማንም ልትሆን ትችላለች። በሩ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚዋን ሴት ሁሉ ከወገቧ ጀምራ አየቻት። የወፍራሙን መምህር ሚስት ጠረጠረች፣ የጋራዡን ሰውዬ እህት ጠረጠረች፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን ጎረቤቷን ሳይቀር ለቅጽበት ጠረጠረች።

ምን የምታክል ናት ግን?

ሜትሩን አንስታ ሰማንያ አንድ ላይ በጣቷ ያዘችና ክብ ሠራች። አየር ላይ አይታየኝም ብላ የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ላይ አጠለቀችው፤ አሻንጉሊቷ ሲታ ናትና እስከ እግሯ ወረደ። ክኒኑ ካወፈራት ወዲህ የራሷን ልክ ወስዳ አታውቅም፤ የሚያናድድን ነገር ለምን ትለካለች። አሁን ግን ያቺ ሴት በምን ያህል እንደምትበልጣት ማየት ፈለገች። መጋረጃውን ዘጋች፣ ሽርጧን ፈታች፣ ሰፊ ቀሚሷን ሰብስባ ሜትሩን በራሷ ወገብ ላይ አዞረችው።

ሰማንያ አንድ ላይ ገጠመ።