ሁለቱ በራሶ ጅግሶ

«ግባ እንጂ አስተማሪ! ምን በር ላይ ይገትርሃል?»

እማማ ካሳነሽ ጓሮ ተቀምጠው እንሰት ይፍቃሉ። በፍቃዱ ከወናጎ አስፋልት ወርዶ እዚህ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ሊመለስ እንደቃጣው እሱና አምላኩ ያውቃሉ። የሚናገረውን ቤቱ ሆኖ አጥንቶት ነበር፤ እሳቸውን ሲያይ ጥርግ ብሎ ጠፋበት።

ወይ የታሪክ አስተማሪ! በፋሲካ ሰሞን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምስረታ በዓል ላይ ማይክ ጨብጦ፣ ዲላ ከተማ ሄዶ ካገላበጠው የፍርድ ቤት መዝገብ ያነበበው እሱ አይደል? በጃንሆይ ዘመን በራሶ ጅግሶ የሚባል ሰው ወርቃ በተባለ አገር በሐሰት መስክሮ የሰው የቡና መሬት ለባላባት አስበላ ብሎ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ እማማ ካሳነሽን አየ። በወናጎ በራሶ ጅግሶ ማለት የእሳቸው አባት ናቸዋ!

ባለፈው ሳምንት የዚያኑ ክስ ሌላ ቅጠል ገለጠ። መስካሪው በራሶ ጅግሶ ዳካ፣ የወርቃ ተወላጅ። የእማማ ካሳነሽ አባት ግን በራሶ ጅግሶ ዋቆ ናቸው። ተማሪ ሲመዘግብ «የአያት ስም?» ሳይል የማያልፍ ሰው፣ የሰው አባት ሲያዋርድ አያት አልጠየቀም። አፈር ያስበላል።

«እኔም ስፈልግህ ነበር፤ ላመሰግንህ» አሉት ዱካ ላይ ካስቀመጡት በኋላ።

«እኔን?»

«አንተን እንጂ። አባቴ በወጣትነቱ ለንግድ ወርቃ ይመላለስ ነበር፤ ስታነብ ልቤ እሱ ነው አለ። እንቅልፍ አጣሁ። ሽማግሌ ይዤ ሄድኩና መሬታቸው የተበላባቸውን ሰዎች የልጅ ልጆች አገኘሁ። ሽማግሌዎቹ በደል በስሙ ካልተጠራ እርቅ የለም ሲሉኝ፣ በዚህ አፌ፣ ሕዝብ ፊት፣ አባቴ ሐሰተኛ ነበር፣ ማሩን አልኩ። ማሩን። ከአንድ ገበታ በላን። ይኸው አሁን እተኛለሁ። ጌታ ይባርክህ!»

በፍቃዱ ወደ በሩ አየ። ዝም ብሎ ቢሄድስ? ሴትዮዋ እንደሆነ ሰላም አግኝተዋል፤ ማን ያውቅበታል? ግን ምርቃቱ ላዩ ላይ እሳት ሆነበት።

«እማማ፣ አባትዎ አይደሉም» አለ።

«ምኑ?»

«የመሰከረው ሌላ ሰው ነው። ስማቸው አንድ ነው እንጂ አያታቸው ይለያያል። እኔ ሳላጣራ ነው ያነበብኩት። አባትዎ ማንንም አልበደሉም።»

እጃቸው እንሰቱ ላይ ቀረ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል። በፍቃዱ እርግማን ጠበቀ፤ እንዲያውም ተመኘ።

«ሕዝቡ ፊት ቆሜ አስተካክላለሁ። እርስዎ ግን ይርገሙኝ እማማ፣ ይሻለኛል!»

«አንተንማ ምን ብዬ?» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «አንተ የሰው አባት ነው ያማኸው። እኔ ግን ያሳደገኝን፣ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ገበያ ያደረሰኝን ሰው ሐሰተኛ አልኩት። አንዴ እንኳን "አባቴ እንዲህ አያደርግም" አላልኩም። ሽማግሌ የሚያስታርቀው በሕይወት ያለውን ነው። እኔን ከእሱ ጋር ማን ያስታርቀኛል?»

መልስ የሚጠብቁ ይመስል ዓይን ዓይኑን አዩት። በፍቃዱ ከዱካው ወርዶ መሬቱ ላይ፣ አጠገባቸው ቁጭ አለ።