ጥግ ያለችው መኪና

አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ሲያይ እጁ አርፎ አይቀመጥም። ከየሰፈሩ የተጣለውን ሰብስቦ፣ ዝገቱን በናፍጣ አጥቦ ያስነሳል። አንዱንም ሸጦ አያውቅም።

ትርንጎን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ አባቷ ጋሽ ደምሰው አላስቸገሩም። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የምትሰፋላቸው ልጃቸው ነበረች።

«መኪናችን ሞታለች፤ ልጅቷም ሥራ ፈታለች። ይውሰዳት» አሉ።

እጅ ሊነሳ የሄደ ዕለት መኪናዋን ጥግ ላይ አቡጀዲ ለብሳ አያት። ትርንጎ ከጓዳ ብቅ ብላ በዓይኗ ከለከለችው። ያፈረች መሰለው።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ልያት?»

«ሬሳ አገላብጠህ ምን ልትጠቀም?»

አገላበጣት። የላላውን አጠበቀ፣ የጎደላትን ትንሽ ሞላ ከኪሱ አውጥቶ ገጠመላት፣ ዘይት ጠብ አደረገባት። መርፌዋ ጨርቁ ላይ ተንደረደረች።

ጋሽ ደምሰው እንባቸው እስኪመጣ መረቁት። ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ሥራችን ተመለሰ። ሰርጉ ይቆየን ልጄ፤ እሷ ከሄደች ማን ይሰፋል?»

ትርንጎ እስከ በር ሸኘችው። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አንዲት ትንሽ ሞላ መዳፉ ላይ አኖረች።

«ከመኪናዋ እስክነቅላት ጥፍሬ ተሰብሯል» አለችው። «እንካ፣ ከሰበሰብካቸው ጋር አስቀምጣት።»