የመስኮቱ ጠብ

ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው የተከታተለ ሰው ጊዜዬ ባከነ አይልም። ያለዚያማ አልጀምረውም ነበር።

ልብስ ሰፊዋና ሾፌር ባሏ ልጅ አሳድገው፣ ድረው፣ በስተርጅና የተጣሉት በመስኮት ነው።

ሴትየዋ ሁለት ነገር ተደራርቦባታል። አንደኛ፣ አንገቷ ላይ ያለችው ታይሮይድ የምትባል እጢ ሰንፋለች። ይህች እጢ ማለት የሰውነት እሳት ቆስቋሽ ናት፤ እሷ ስትሰንፍ ሰው ይፈዛል፣ ይበርደዋል። ለዚህ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ክኒን ትውጣለች። ሁለተኛ፣ የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ ድንገት ግለት ይነሣባታል። ለእሱ ደግሞ ሆርሞን ታዞላታል፤ ግለቱን ቢቀንሰውም ጨርሶ አላጠፋውም።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። የሚዋጥ ሆርሞን የታይሮይዱን ክኒን ጉልበት ሊያሳንሰው ይችላል። የታይሮይዱ ክኒን ሲበዛ ደግሞ እሱ ራሱ ላብና ንዴት ያመጣል። እንግዲህ ሴትየዋን ላብ ባጠመቃት ቁጥር ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ማን ይወቀው?

ባልየው አውቄዋለሁ ባይ ነው። ሆርሞኑ ነው።

እሷ መስኮት ትከፍታለች፤ እሱ ይዘጋል። እንደገና ትከፍታለች። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ካፖርቱን አያወልቅም፤ ብርዱን አጥንቴ ውስጥ አስገባችብኝ እያለ ለእህቱ ያማታል። ከጭቅጭቁ ብዛት ድምፁ ጎርንኗል። እህትየውም ያበጠ ፊቱን እያየች፣ ወንድሜን እንቅልፍ ነሥታ ገደለችው ትላለች። ተራው እስኪደርስ የአውቶቡሱ መሪ ላይ ተደፍቶ ሲያንቀላፋ ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ ሚስት እንዲህ ናት ይሉታል።

እሷም አልተረፈች። ላቧ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ከተንጠባጠበ ወዲህ ደንበኛ ሸሽቷታል።

አንድ ቀን ባልየው ቃሉን እየጎተተ ነገራት።

«ስሚ፣ ወይ ሆርሞኑን ተዪ፣ ወይ እኔ እህቴ ዘንድ እገባለሁ። እጄን ሳስጠጋሽ እንኳ ትሸሺኛለሽ።»

«እጅህ በረዶ ነዋ።»

«አንቺ እሳት ስለሆንሽ ነው።»

ብቻዋን መቅረቱን ፈራችው። ሐኪሜ ተዪ ካለችኝ እተዋለሁ ብላ ተስማማች፤ አብረው ሄዱ፣ ለምርመራ ደም ሰጠች።

ውጤቱ የደረሰ ዕለት የሚያወራው እሱ ነበር። መስኮቱን፣ ንዴቷን፣ ብርዱን አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ መሐል ላይ ቃል እየጠፋበት ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ሐኪሟ አላቋረጠችውም። ልብስ ሰፊዋ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው አቀርቅራለች።

«የእርስዎ ውጤት ልክ ነው፤» አለቻት ሐኪሟ። «ሁለቱም መድኃኒት እንዳለ ይቀጥላል።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ መከራ ከምን መጣ?» አለ ባልየው።

ሐኪሟ ልብስ ሰፊዋን ከምርመራው ወንበር አስነሣቻትና ባልየውን አስቀመጠችው።