ስድስተኛው ቀዳዳ

በእምነት የአሮጌውን ሽጉጥ ተሽከርካሪ የጥይት ጎተራ ስድስተኛ ቀዳዳ በቀጭን የብረት ቱቦ አጠበበችው። ጋሽ ቢረሳው ሽጉጡን ስዊዘርላንድ፣ ኡስተር ወዳለው ወርክሾፗ ያመጡት ወንድማቸውን የገደለው ዓይነት ወፍራም ጥይት ዳግመኛ እንዳይገባበት ነው። በእምነት ባሩድ የሌለው አንድ ወፍራም ጥይት አንስታ ሞከረች። ቀድማ ያጠበበቻቸው አምስቱ ቀዳዳዎች አላስገቡትም፤ ስድስተኛው ዋጠው።

“ተይው ልጄ፣ ልማዱ ነው። የዙሪኩም ባለሙያ ሦስቴ ሞክሮ መለሰልኝ።”

“ልማዱን እኔ አስተወዋለሁ፣ ጋሼ!”

ጥይቱን አውጥታ ቀዳዳውን በብየዳ ደፈነችው። ሲበርድ ጥይቱን ድፍኑ ብረት ላይ አቁማ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ቀስ ብሎ ገባ።

ጋሽ ቢረሳው ፊታቸውን አዞሩ። በእምነት ግን መጋዝ አንስታ ጎተራውን በስድስተኛው ቀዳዳ መሃል ለሁለት ከፈለችው። ውስጡ ድፍን ነው፤ ጥይቱ የለም።

“እንግዲህ ጥይት የት እንደሚገባ አያለሁ!” አለችና ሁለቱን ቁራጮች ጠረጴዛው ዳር አኖረቻቸው።