በአንድ ቀጭን መስመር

“ጠጥተው ሲያሽከረክሩ ተይዘው ያውቃሉ?” ይላል የፈቃድ ማደሻው ፎርም። የመርከብ መኮንኑ እስክሪብቶውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ባለፈው ወር ትራፊክ ፖሊሱ ያስነፋው የትንፋሽ መለኪያ አሁንም ከንፈሩ ላይ ያለ መሰለው። ፈቃዱ ካልታደሰ መርከብ ላይ መሥራት አይችልም፤ የብስ ላይ ደግሞ፣ ሚስቱ እንደምትለው፣ አምፖል መቀየር እንኳ አይሆንለትም። “ተይዤ አላውቅም” ብሎ ጻፈ።

“ጨረሱ፣ ካፒቴን?” አለች የመስኮቷ ሠራተኛ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል።

“አንድ ደቂቃ፣ እህቴ።”

ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ አረፈ። የፖሊስ መዝገብ እዚያ ውስጥ ቢኖርስ? መጠጡ ለጥቂት ወራት ያሳግደው ይሆናል፤ ውሸቱ ግን እስከ ወዲያኛው ከባሕር ያስቀረዋል። የጻፈውን ሰረዘና “አንድ ጊዜ ተይዣለሁ” ብሎ አስተካክሎ ፎርሙን በመስኮቱ አሾለከላት።

የሠራተኛዋ ጣት ስርዙ ላይ ቆመ። “የትኛውን ልያዝልዎት?”

አጎንብሶ ስርዙን አየ። መርከብ ላይ መዝገብ ሲሞላ የተሳሳተ ቃል አይፋቅም፤ እንደሚነበብ ሆኖ በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዝና አጠገቡ ይፈረማል። እጁ የሃያ ዓመት ልማዱን አድርሶ ነበር። ውሸቱ ከመስመሩ ሥር ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ ከጎኑም ፈርሞበታል።