ጥርት ያለ ምስል

ናሁሰናይ የሐዋሳው ጌም ቤት ውድድር ፍጻሜ ላይ የደረሰው ሰዓዳ ከምትባል ልጅ ጋር ነበር። ስክሪኗን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ። አሮጌው ላፕቶፗ እንዳይንቀራፈፍባት ሬዞሉሽኑንም ግራፊክሱንም፣ ማለትም የምስሉን ጥራትና ዝርዝር፣ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጋዋለች።

«ይሄ ምስል ነው ወይስ ጭቃ? ከዚህ ጋር ነው የምጫወተው?» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው። የእሱ ሁሉም ነገር ከፍተኛው ላይ ነው።

ሰዓዳ የጆሮ ማዳመጫዋን አጠለቀች።

የተኩስ ጨዋታው ሲጀመር ናሁሰናይ ወታደሩን ረጅም፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ውስጥ አስተኝቶ አደፈጠ። ሰዓዳ ከሩቅ ብቅ አለች፤ በቀጥታ ወደ እሱ ዞራ በአንድ ጥይት ግንባሩን መታችው።

«አጭበርባሪ! ሣር ውስጥ ሆኜ እንዴት አየሽኝ?» ብሎ ጮኸባት።

«የምን ሣር?» አለችና ስክሪኗን አዞረችለት። የናሁሰናይ ወታደር ገላጣ ሜዳ ላይ በሆዱ ተዘርግቷል።