ስፖኪዮው ውስጥ

አርዲስ እጇን በሱሪዋ እየጠራረገች ከነዳጅ ማደያው ሽንት ቤት ስትወጣ፣ ነጯ ተሳቢ ቤታቸው በፒካፑ ተጎትታ አስፋልቱ ላይ ልትወጣ ነው። የግራ ፍሬቻዋ ብልጭ ድርግም ይላል። ሊላንድ ፍሬቻ ሳያሳይ ታጥፎ አያውቅም። አርባ አንድ ዓመት አብሯት የኖረው ባሏ ጥንቁቅ ሰው ነው። ከመነሳቱ በፊት ጎማ ይረግጣል፣ ሰንሰለቱን ሁለቴ ይነካካል፣ የተሳቢዋ ደረጃ መታጠፉን ጎንበስ ብሎ ያያል። ዛሬም ይህን ሁሉ አድርጓል። ሚስቱ መኖሯን ብቻ አላየም።

“ሊላንድ” ትላለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ተሳቢዋ በነብራስካ የበቆሎ ማሳ መሃል እያነሰች እያነሰች ሄዳ ትጠፋለች።

ጥፋቱ የእሷም ነው ቢባል ያስኬዳል። ጠዋት ራሷን ሲፈልጣት ተሳቢዋ ውስጥ ገብታ ተኛች። መኪናው እየሄደ እዚያ መተኛት ክልክል ነው፤ እሷ ግን በየሐምሌው ወደ ሐይቁ ሲጓዙ አንድ ሁለቴ ታደርገዋለች። አሁንም እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ሳትነግረው ወርዳ ሽንት ቤት ገባች። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ። ይሄኛው ለብቻው ቀድቶ ሄደ።

የማደያው ሱቅ ባለቤት በሩን ከፍታ ብቅ ትላለች። ደረቷ ላይ “ቦኒ” የሚል ስም ተለጥፏል።

“የኔ እናት፣ ጥሎዎት ሄደ እንዴ?”

“ረስቶኝ ነው።”

“ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል እንጃ” ትላለች ቦኒ። “አምና አንዱ ሚስቱንም ውሻውንም ረስቶ ሄደ። ሲመለስ መጀመሪያ የተጣራው ውሻውን ነው።”

አርዲስ ትስቃለች። ስልኳ ተሳቢዋ ውስጥ ትራሷ ሥር ነው። ቦኒ የራሷን ታቀብላታለች። የሊላንድን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች፤ ትጀምርና የመጨረሻው ቁጥር ሲቀር ጣቷ ይቆማል።

“ምነው? ጠፋብዎት?”

“አይ። ራሱ ይወቀው።”

“ሐይቁ ድረስ ሃምሳ ደቂቃ ነው እኮ።”

“እዚያ ሳይደርስ ያውቃል” ትላለች አርዲስ፣ ስልኩን እየመለሰች።

ከበረዶ መሸጫው ሳጥን አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። መንገዱን እንደ እጇ መዳፍ ታውቀዋለች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ረጅሙ የእህል ጎተራ ጋ ይደርሳል። በየዓመቱ እዚያ ሲደርስ “ይሄን አጎቴ ነው የገነባው” ይላታል፤ እሷም በየዓመቱ “አትለኝም!” ትለዋለች። ለማን ሊለው ነው? ቀጥሎ ዛፎቹ ሥር ያለው ማረፊያ አለ፤ ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት የእንቁላል ሳንድዊቻቸውን የሚበሉት እዚያ ነው። እዚያ ቆሞ የተሳቢዋን በር ያንኳኳል። “አርዲስ፣ ራስሽን እንዴት አደረገሽ?” ይላል። ከዚህ የበለጠ አትፈልግም። አንዴ ካንኳኳ ይበቃታል።

የምሳ ሰዓት ያልፋል። ከማረፊያው ወደዚህ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜም ያልፋል። መኪና በመጣ ቁጥር አንገቷ ቀና ይላል፤ ኋላ ላይ ቀና ማለቱንም ትተወዋለች። ቦኒ ግማሽ ሳንድዊች አምጥታ አጠገቧ ታስቀምጣለች። ምንም አትጠይቃትም፣ አርዲስም አትበላም። ከፍቷታል። ብትናደድ ይሻላት ነበር፤ ግን ንዴት አይደለም። እዚያ ፒካፕ ውስጥ፣ ከጎኑ ስትቀመጥም እንዲሁ የማትታየው ነበረች ማለት ነው።

ሁለት ሰዓት ገደማ ከቆየች በኋላ ፒካፑ ተሳቢዋን እየጎተተ ይመጣል። ፍሬቻ ሳያሳይ ይታጠፋል። በሱቁ ግድግዳና በበረዶው ሳጥን መሃል በአፍንጫው ተወሽቆ ይቆማል፣ ሊላንድም ኮፍያውን በእጁ ይዞ ይወርዳል። ፊቱ ቀልቷል።

“አርዲስ፣ እኔ እኮ ተኝተሻል ብዬ…”

“ምሳ በላህ?”

“እየነዳሁ በላሁ። እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ።”

“ማረፊያው ጋ አልቆምክም?”

“አልቆምኩም።”

“ታዲያ የት ላይ አወቅህ?”

ሊላንድ ኮፍያውን ያዟዙረዋል። ብዙ ነገር ይጎድለው ይሆናል፣ ውሸት ግን አይችልበትም።

“ሐይቁ ጋ። ቦታችን ላይ። ወደ ኋላ ላስገባት ማርሽ አስገብቼ፣ ስፖኪዮውን ሳይ የለሽም። ወርደሽ እስክትቆሚልኝ ጠበቅሁ። ክላክስም አደረግሁ።”

“ስንት ጊዜ?”

“ሦስቴ።”

አርዲስ ራሷን ትነቀንቃለች። ተሳቢዋን ወደ ኋላ ሲያስገባ ሁልጊዜ ከኋላ በግራ በኩል ቆማ በእጇ የምትመራው እሷ ናት። ና፣ ና፣ ቁረጥ፣ በቃ። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፦ ስፖኪዮው ውስጥ ካላየሁሽ አልነቃነቅም።

“ይቅርታ” ይላል ሊላንድ።

“እሺ። እንሂድ።”

እሱ ግን አይንቀሳቀስም። ፊት ለፊት ግድግዳው ነው፣ ከጎን የበረዶው ሳጥን። ያየዋል፤ እሷም ታየዋለች።

“ወደ ኋላ ነው የሚወጣው” ይላል፣ በሹክሹክታ።

አርዲስ ትነሳለች። ተሳቢዋን ዞራ አልፋ በግራ በኩል ትቆማለች። የፒካፑ በር ይዘጋል፣ ነጩ የኋላ መብራት ይበራል። ስፖኪዮው ውስጥ የሊላንድ ዓይኖች ይፈልጓትና ያገኟታል፤ ካገኟትም በኋላ ወዴትም አይሄዱም። እጇን እስክታነሳ ይጠብቃል።

አርዲስ ሁለት እጇን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች ትቆማለች። ትንሽ ይያት።